ዳገት ላይ የሚቆመው የዝናብ መጥረጊያ

ከእርሻ ልማት ዘጋቢያችን
ንፋስ መውጫ

ባለፈው ነሐሴ ወር አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ከቆላው ወደ ንፋስ መውጫ ሽቅብ በምትወጣ አንዲት አሮጌ ዊሊስ ጂፕ ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ዳገቱ እስኪያልቅ ድረስ እጃቸውን ከመስተዋቱ ራስጌ አላወረዱም። ከፊታቸው ያለችውን የእጅ መጥረጊያ ወዲያና ወዲህ ይመልሷታል። ከኋላ ምጥ የጠናባት እናት በእናቷ ጉልበት ላይ ተንተርሳ ተኝታለች። ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ይወርዳል። በሊቀ መንበሩ በኩል ያለው መስተዋት መንገዱን ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ መሪውን በያዘው ሾፌር ፊት ያለው ግን ውኃ ብቻ ነው።

«ገደሉ በየት በኩል ነው ጋሼ?» ይላል ሾፌሩ።

«ወደ ግራ በል፣ ወደ ግራ! አሁን ቀና አድርግ» ይላሉ ሊቀ መንበሩ።

በሾፌሩ በኩል ያለው መጥረጊያ በሞተሩ ኃይል የሚሠራ ነው። ነገር ግን ጂፗ ዳገት በያዘች ቁጥር እየዘገየ ሄዶ መስተዋቱ መካከል ላይ ይቆማል። ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲያነሣ አንድ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይልና መንገዱ ይታያል። ሆኖም እግር ሲነሣ ጂፗ ጉልበቷ ይከዳትና ጭቃው ላይ መንሸራተት ትጀምራለች። ነዳጅ ሲሰጣት ደግሞ መስተዋቱ ይታወራል። በዚህ ሁኔታ ሦስት ጊዜ ቆመን መስተዋቱን በጋቢ ጫፍ ጠርገናል። ይህ ዘጋቢ ከኋላ ስለነበር ከጠራጊዎቹ አንዱ ነበር። ከተማ ስንደርስ እናቲቱ ወደ ጤና ተቋም ገብታ በዚያው ሌሊት በሰላም ተገላግላለች። በማግሥቱ ጠዋት ጂፗ ጋራዥ ገባች።

ይህ ዘጋቢ በኮሌጅ የተማረው ስለ ሰብልና ስለ አፈር ቢሆንም፣ ሁለት ቀን ሙሉ ከመካኒኩ ጎን ቆሞ ያየውንና ከዚያም ጠይቆና አንብቦ የተረዳውን ለማኅበር መሪዎች ማቅረብ ይገባዋል ብሎ አስቧል። በጨረታም ሆነ በውርስ እንዲህ ያለ አሮጌ ተሽከርካሪ የያዘ ማኅበር፣ ጥቂት ነገር ካላወቀ ገንዘቡን ለማይረባ ጥገና ያወጣል፤ ከገንዘቡም የሚብሰውን ሊያጣ ይችላል።

የሞተሩ ትንፋሽ

መካኒኩ ዕድሜያቸው የገፋ፣ እጃቸው የማይቸኩል ሰው ናቸው። መጀመሪያ ያደረጉት መፍቻ ማንሣት አልነበረም። ከመጥረጊያው ትንሽ ሞተር ላይ የጎማውን ቱቦ ነቀሉና አፋቸውን በቱቦው ማስገቢያ ላይ አድርገው ወደ ውስጥ ሳቡ። መጥረጊያው ግማሽ ዙር ሄዶ ተመለሰ። ዙሪያውን የቆሙት ሕፃናት ሳቁ።

«አየህ ልጄ፣ የኔ ሳንባ ያነቃነቀውን የሷ ሞተር እንዴት አቃተው?» አሉኝ።

በዚህ ዓይነት መጥረጊያ ውስጥ ኤሌክትሪክ የለም። ኃይሉ የሚመጣው ከሞተሩ ስበት ነው። ይህንን ለመረዳት የብረት ቀጥቃጭ ወናፍ ማሰብ ይበቃል። ቀጥቃጩ የወናፉን አፍ ከፍቶ ወደ ላይ ሲያነሣው አየር በነፃነት ይገባል፤ የሚስብ ኃይልም አይሰማም። አፉን ጨብጦ ቢያነሣው ግን ወናፉ አየር አጥቶ ይታገላል፣ ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ አየር ለመሳብ ይሞክራል። የቤንዚን ሞተርም እንዲሁ ነው። ፒስተኖቹ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር አየር ይስባሉ። በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው ክብ መዝጊያ ደግሞ የወናፉ አፍ ናት። ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ መዝጊያዋ ትዘጋለች፤ ከካርቡራተሩ በታች ባለው ማስገቢያ፣ ማለትም በማኒፎልዱ ውስጥ ከፍተኛ ስበት ይፈጠራል። መካኒኮች ቫኪዩም የሚሉት ይህንኑ ነው። ሾፌሩ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ሲረግጠው መዝጊያዋ ትከፈታለች፤ አየሩ በነፃነት ስለሚገባ ስበቱ ሊጠፋ ጥቂት ይቀረዋል።

ስለዚህ መጥረጊያው ዳገት ላይ የሚቆመው ስለተበላሸ ብቻ አይደለም። አዲስ ሆኖ ከፋብሪካ በወጣበት ቀንም ዳገት ላይ ይዘገይ ነበር።

በዓለም ላይ ይህ መጥረጊያ ረዥም ዘመን አገልግሏል። በአሜሪካ ሜሪ አንደርሰን የተባለች ሴት በእጅ የሚንቀሳቀስ መጥረጊያ ሠርታ የፈጠራ መብት ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1903 ነበር። በሞተር ስበት የሚሠራውን በ1920ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ ያበቁት የክሊቭላንድ ከተማ ሰዎች የሆኑት የፎልበርት ወንድማማቾች ሲሆኑ፣ በኋላ የበፋሎው የትሪኮ ኩባንያ ሥራውን ጠቅልሎ ያዘ። ርካሽና ቀላል በመሆኑ አያሌ መኪናዎች ይዘውት ወጡ። እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1949 ለሲቪል ገበያ የተሠራችው ሲጄ 2ኤ የተባለችው ዊሊስ ጂፕ በሾፌሩ በኩል የስበት መጥረጊያ፣ በተሳፋሪው በኩል ደግሞ የእጅ መጥረጊያ ነበራት። የሊቀ መንበሩ እጅ ሥራ የያዘው ከዚህ የተነሣ ነው። ላንድሮቨር ያለው ማኅበር በዚህ በኩል ሐሳብ የለበትም፤ የላንድሮቨር መጥረጊያ ከጥንቱም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው።

ከፍታው የሚወስደው ድርሻ

አሁን ወደ ራሳችን አገር ጉዳይ እንምጣ። ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በባሕር ጠረፍ የአየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር የሜርኩሪ ዓምድ የሚሸከም ሲሆን፣ በንፋስ መውጫ ከፍታ ግን 520 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሲሦው ገደማ ጎድሏል ማለት ነው። ጉና ላይ ደግሞ ከዚህም ይቀንሳል።

የስበት መጥረጊያ የሚገፋው በውጭው አየር ክብደት ስለሆነ፣ የውጭው አየር ከሳሳ ጉልበቱም ይሳሳል። ደህና የሆነ ሞተር በባሕር ጠረፍ በሚኒሞ፣ ማለትም ቆሞ ለብቻው ሲዞር፣ ከ450 እስከ 500 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ስበት ያሳያል። ያው ሞተር እዚህ ቢለካ ከ200 እስከ 250 ቢያሳይ ነው። ለመጥረጊያው ጉልበት የሚተርፈው ከመነሻው ግማሹ ነው ማለት ይቻላል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። አየሩ በመሳሳቱ ሞተሩ ራሱ ከጉልበቱ ሲሦ ያህል ያጣል። ስለዚህ በቆላ በግማሽ ነዳጅ የሚወጣውን ዳገት፣ በደጋ እስከ መጨረሻ ረግጠው ነው የሚወጡት። የበለጠ በተረገጠ ቁጥር መዝጊያዋ የበለጠ ትከፈታለች፤ ስበቱም የበለጠ ይጠፋል። ዝናቡ ከፍታ ላይ ይበረታል፣ ጭጋጉ ከፍታ ላይ ይወርዳል፣ መጥረጊያውም የሚደክመው ከፍታ ላይ ነው። ይህ መሣሪያ የተፈለሰፈው ለጋይንት እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

እርግጥ ጋይንት ለተሽከርካሪ አስቸጋሪ መሆኑ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በዚሁ በኩል አልፈዋል፤ ከመድፉ ይልቅ ያስቸገራቸውም መንገዱን መቁረጡ ነበር። ከወረታ ወልድያ ያለው መንገድ በደርግ ዘመን በቻይና ርዳታ ከተሠራ ወዲህ ዋናው መሥመር ተቃልሏል። ከዋናው መሥመር ወጥቶ ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ ቀበሌዎች መውረድ ግን አሁንም ሌላ ነገር ነው።

ቧንቧው እንዴት ተገጠመ

የጂፗ መጥረጊያ በተፈጥሮው ደካማ ቢሆንም፣ የኛዋ ከሚገባው በላይ ደክማ ነበር። መካኒኩ ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀባቸውም። ከዚህ በፊት የሠራት ሰው፣ ማን እንደሆነ አልተጠየቀም፣ የጎማ ቱቦ ቢያጣ ሐኪም ቤት ግሉኮስ የሚሰጥበትን ስስ የፕላስቲክ ቱቦ ከማኒፎልዱ እስከ መጥረጊያው ገጥሞበታል። ቱቦው በሞተሩ ሙቀት ልሟል፤ ስበቱ ሲጠነክር ደግሞ ግድግዳው እርስ በርሱ ተጣብቆ መንገዱን ይዘጋል። በዚያ ላይ ጫፉ ተሰንጥቆ አየር ያስገባ ነበር።

የሚያስገባው አየር መጥረጊያውን ብቻ አይደለም የሚጎዳው። በስንጥቁ የሚገባው አየር ከካርቡራተሩ ጋር ሳይመካከር ወደ ሞተሩ ይሄዳል። የቤንዚኑ ድርሻ ይቀንሳል፤ ሞተሩ በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል፤ ሲቆይም ቫልቭ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ መጥረጊያው የማይሠራ እንኳ ቢሆን፣ ከማኒፎልዱ የሚወጣው ቀዳዳ በብሎን ተጠርቅሞ መዘጋት እንጂ ክፍት መቅረት የለበትም።

በዚህ ሞተር ላይ የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው በአንድ ወገን ተያይዘው የተገጠሙ ናቸው። ስለዚህ ከማኒፎልዱ የሚነሣው ቧንቧ ጎማ ሊሆን አይችልም፤ ይቃጠላል። መካኒኩ ከካርቡራተሩ በታች ባለው ጥርስ ባለው ቀዳዳ ላይ የነሐስ መገጣጠሚያ አጥብቀው፣ ከዚያ ቀጭን የመዳብ ቧንቧ ከጭስ ማውጫው አርቀው በሞተሩና በሾፌሩ መካከል እስካለው ቆርቆሮ ድረስ አመጡት። ከካርቡራተሩ በላይ፣ በአየር ማጣሪያው በኩል ቢቀጠል ስበት አይገኝም። ስበቱ ያለው ከመዝጊያዋ በታች ብቻ ነው።

«ቀዳዳ የሌለው ማኒፎልድ ቢሆንስ ጋሼ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ማኒፎልዱ ተፈቶ ወርዶ ይበሳል። እላዩ ላይ እንዳለ የሚበሳ ሰው ካየህ መኪናህን ይዘህ ሽሽ። የብረቱ ብናኝ ወዴት የሚሄድ ይመስልሃል?» አሉኝ።

ከቆርቆሮው እስከ መስተዋቱ ፍሬም ያለው ክፍል ደግሞ የግድ ጎማ መሆን ይኖርበታል። የጂፕ የፊት መስተዋት ወደ ፊት የሚታጠፍ ስለሆነ ቱቦው ሳይወጠር ትርፍ ርዝመት ሊኖረው ይገባል። የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል፣ ግድግዳው ወፍራም፣ አፉ በጥብቅ የሚገባ መሆን አለበት። ማዕዘን ላይ ከተቀጨ ስበቱ እዚያው ይቀራል።

ከዚያም የመጥረጊያዋ ሞተር ተራ ሆነ። በውስጧ ወዲያና ወዲህ የሚል አንድ መቅዘፊያ አለ፤ ጠርዙ ላይ አየር እንዳያሾልክ ቆዳ ተደርጎበታል። ቆዳው ዓመታት ደርቆ እንደ ቅርፊት ሆኗል። በአሜሪካ ለዚህ የሚያገለግለው ከከብት እግር አጥንት የሚወጣ ዘይት ነው፤ ቆዳ ያለሰልሳል፣ በብርድም አይረጋም። መካኒኩ ለቆዳ የሚሆን ዘይት ፈልገው ጥቂት ጠብታ በቱቦው ማስገቢያ ጨመሩና በአፋቸው እየሳቡ ደጋግመው አመላለሱት፤ ከዚያም እንዲጠጣ አንድ ሌሊት ተዉት። ሊቀ መንበሩ ቅቤ አምጥተው ነበር። ወናፍም በቅቤ ይለሰልሳል በሚል ነው። ነገር ግን በንፋስ መውጫ ሌሊት ቅቤ ይረጋል፤ መቅዘፊያውንም ይዞት ይቀራል። ቅቤው ለጋራዡ ቡና ቁርስ ዋለ።

የመጥረጊያው ጎማ ተለውጦ፣ ክንዱ የሚዞርበት ዘንግ ተጠርጎ ከተቀባ በኋላ ሞተሩ ተነሣ። በሚኒሞ መጥረጊያው ሳይቋረጥ ሠራ። ሜዳ ላይ ሠራ። ቁልቁለት ላይማ ፈጠነ። ወደ ዳገቱ ስናወጣት እንደገና ዘገየ፤ አንደኛ ማርሽ ገብቶ ነዳጁ ሲረገጥ ቆመ። ከቀድሞው የሚለየው መንገዱ ሲቃና ወዲያው መነሣቱ ነው።

ለዳገቱ ምን ይበጃል

መካኒኩ ሦስት መንገድ አሳይተዋል። ሦስቱም ለማኅበሩ ኮሚቴ ቀርበው ክርክር ተደርጎባቸዋል።

አንደኛው ሁለት ሥራ የሚሠራ የቤንዚን ፓምፕ መግጠም ነው። በኋላ በወጡ አንዳንድ ጂፖች ላይ የቤንዚን ፓምፑ ከላይ ወይም ከታች ሌላ ክፍል አለው። ይኸው ክፍል በሞተሩ ዙር እየተንቀሳቀሰ ለመጥረጊያው ስበት ይሠራለታል፤ ነዳጅ ቢረገጥም ባይረገጥም ግድ የለውም። ከፋብሪካው የታሰበው መድኃኒት ይህ ነው። ሁለቱን ቧንቧዎች፣ ወደ ማኒፎልድ የሚሄደውንና ወደ መጥረጊያ የሚሄደውን፣ አዛውሮ መግጠም ግን ብዙ ጊዜ የሚታይ ስሕተት ነው። ሌላም አለ። የዚህ ክፍል ዲያፍራም ሲቀደድ ሞተሩ የራሱን ዘይት በዚያ በኩል ይስባል። ዘይት የምትጠጣና ሰማያዊ ጭስ የምታወጣ ጂፕ ያላችሁ ማኅበራት ሞተር ከማስፈታታችሁ በፊት ይህችን ዲያፍራም አስመርምሩ። ለኛዋ ጂፕ አንድ አሮጌ ፓምፕ ተገኝቶ ነበር፤ ዲያፍራሙ ተቀዶ ስለተገኘ አልተገዛም።

ሁለተኛው ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ ነው። ወጣቶቹ የኮሚቴ አባላት የደገፉት ይህንን ነው፤ ይህ ዘጋቢም ገንዘብ ቢኖር የሚመርጠው እርሱን ነው። ጥንቃቄው በባትሪው ላይ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ የሲቪል ጂፖች 6 ቮልት ናቸው፤ በገበያ የሚገኘው የመጥረጊያ ሞተር 12 ቮልት ነው። በ6 ቮልት ላይ ቢገጠም ከስበቱ መጥረጊያ የማይሻል ደካማ ይሆናል። መጀመሪያ መላው የኤሌክትሪክ መሥመር መለወጥ አለበት፤ ወጪው የመጥረጊያ ብቻ አይደለም። ከወታደር ቤት የወጣች ጂፕ ከሆነች ደግሞ 24 ቮልት ልትሆን ትችላለችና ሳይለካ ምንም አይገዛም። የቤንዚን ሞተሯ ወጥቶ ናፍጣ የተገጠመላት ጂፕ ላለው ማኅበር ይህ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ሊሆንበት ይችላል። የተለመደው የናፍጣ ሞተር የአየር መዝጊያ ስለሌለው ከማኒፎልዱ የሚቀዳ ስበት የለውም፤ ለብቻው የስበት ፓምፕ ካልተገጠመለት በቀር።

ሦስተኛው ርካሹ ነው። በጦርነቱ ዘመን ከተሠሩት ጂፖች አንዳንዶቹ ሁለቱ የእጅ መጥረጊያዎቻቸው በአንድ ዘንግ የተያያዙ ነበሩ፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላውም ይከተላል። መካኒኩ ይህንኑ አስበው ከተማው ውስጥ ላለ በያጅ ቀጭን የብረት ዘንግ አስለክተው አሠሩና የሊቀ መንበሩን የእጅ መጥረጊያ ከሾፌሩ ጋር አገናኙት። ሜዳና ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ይጠርጋል። ዳገት ላይ ሲደክም ሾፌሩ የስበቱን መዝጊያ ይዘጋል፤ ከአጠገቡ ያለው ሰው በእጁ ይይዛል፤ ሁለቱም መስተዋት በአንድ ጊዜ ይጠረጋል። ዘንጉ ከመጠን በላይ ከከበደ ስበቱ ብቻውን አይችለውም፤ ስለዚህ ቀጭን መሆን አለበት፤ መገጣጠሚያዎቹም ሳይላሉ በቀላሉ የሚዞሩ ይሁኑ።

ኮሚቴው ለጊዜው ሦስተኛውን ወስኖ፣ ደህና ፓምፕ እስኪገኝ ገንዘብ እንዲቀመጥ በቃለ ጉባኤ አስፍሯል። በውሳኔው ውስጥ ሁለት ነገር ተጨምሯል። ከዝናብ በኋላ ጂፗ ያለ ረዳት ወደ ቆላ አትወርድም። ከመነሣቷም በፊት መጥረጊያው ሞተሩ ተነሥቶ፣ መስተዋቱ ውኃ ተደርጎበት ይሞከራል። ደረቅ መስተዋት ላይ መሞከር ጎማውንም ደካማዋን ሞተርም ይጎዳል። አንድ አዛውንት አባል ደግሞ ድንች ገምሶ መስተዋቱን ማሸት ውኃውን ጠብታ እንዳይሠራ እንደሚያደርገው ተናግረዋል። ይህ ጥንት ሾፌሮች የሚያውቁት ዘዴ ነው፤ ለአጭር ጊዜም ይረዳል። ድንች ደግሞ በጋይንት አይጠፋም።

ዘንጉ በተገጠመ በሦስተኛው ቀን ጂፗ ዘር ጭና ወርዳ በዝናብ ተመልሳለች። ዳገቱ ላይ አልቆመችም። የፊት ወንበሩ ግን ከዚያ ወዲህ የሊቀ መንበሩ አይደለም። ሊቀ መንበሩ «ክንዴ ሰባት ቀን አሞኛል» ብለው ከኋላ መቀመጥ ጀምረዋል፤ ከሾፌሩ አጠገብ ክንዱ የማይደክም አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ተመድቧል።